ያለምዘውድ የቻይና ፊልሟን አልተወችም

ያለምዘውድ ፊልም ማየት የጀመረችው ናዝሬት፣ ከመናኸሪያው ጀርባ በነበረ ቪዲዮ ቤት ነው። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ ሻይ ቤት ትሠራ ነበር። ሌላው ሰው የሚሻማው ጥይት የሚንጣጣበትን ፊልም ነው፤ እሷ ግን የጥንት ቻይና ካልሆነ አትገባም። እጅጌው መሬት የሚጠርግ ልብስ የለበሱ ሹማምንት፣ በበረዶ ውስጥ የሚጋልብ መልእክተኛ፣ በዙፋን ፊት የሚደረግ ሙግት። ተርጓሚው በላዩ ላይ በአማርኛ እየተረከ ንጉሡን «ጃንሆይ» ያስብለዋል፤ የጦር አዛዡንም «በእናቴ ጡት» እያለ ያስምለዋል።

ዛሬ ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት ከተማ ግሪስሃይም ሰፈር ትኖራለች። በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ትሠራለች፤ ዕድሜዋም ወደ ሃምሳው ተጠግቷል። ፊልሙ ግን አልተለያትም። ከሥራ ፈረቃዋ ስትመለስ እግሯን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራ፣ ስልኳን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ ታያለች። ካየች በኋላ ደግሞ ስለዚያ ዘመን ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች። የትኛው ሥርወ መንግሥት የትኛውን እንደሚቀድም ማንም ሳያስተምራት ለይታለች። ለዚህም እግዚአብሔርን ታመሰግናለች፤ እሷ ለትንሹም ለትልቁም ማመስገን ልማዷ ነው።

እሑድ ከሰዓት፣ ኒድ በሚባለው ሰፈር ጀርመኖቹ አምልኳቸውን ጨርሰው በሚለቁት አዳራሽ የሐበሾች ጉባኤ ይሰበሰባል። ያለምዘውድ እዚያ ልጆች ታስተምራለች። አልወለደችም፤ ልጆቿ እነዚሁ ናቸው። ጣጣውም የመጣው በእነሱ በኩል ነው። ስለ ዳንኤል ስታስተምር የንጉሥ አደባባይ ምን እንደሚመስል አልገባ ቢላቸው፣ በፊልም ያየችውን አሳየቻቸው፤ ቀኝ እጅን ጨብጦ፣ በግራ መዳፍ ሸፍኖ፣ ጎንበስ ማለትን። በሚቀጥለው እሑድ ልጆቹ በር ላይ ተሰልፈው የጉባኤውን ሽማግሌ ጋሽ ፍሬውን እንደዚያ አድርገው ተቀበሏቸው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ ፍሬው።

«ዞ ግሩስት ማን ዴን ካይዘር» አለች ትንሿ ኑኃሚን በጀርመንኛ። ንጉሥ ሰላም የሚባለው እንዲህ ነው ማለቷ ነው። «ቻይና ውስጥ። እትዬ ያለምዘውድ ፊልም ላይ አይታ ነው።»

ጋሽ ፍሬው ክፉ ሰው አይደሉም። ያለምዘውድ የመኖሪያ ፈቃድ ስትጠብቅ፣ በዚያ ክረምት ካፖርት ያለበሷት እሳቸው ናቸው። ሲያስጠሯት በአክብሮት ሄደች።

«እነዚህ ፊልሞች ውስጥ ለሞተ አያት ዕጣን ይጨሳል፤ ለጣዖት ይሰገዳል። ተሳሳትኩ?»

«አልተሳሳቱም።»

«ታዲያ ልጆች የምታስተምር ሰው ይህን ታያለች?»

«ትንቢተ ዳንኤል ውስጥም ለጣዖት ይሰገዳል፣ ጋሼ። እናነበዋለን እኮ።»

«አትከራከሪኝ ልጄ። በሚመጣው እሑድ በምስክርነት ሰዓት ተነሺና ትቻለሁ በይ። አለዚያ ክፍሉን ለሰገን እሰጣለሁ።»

በጉባኤው ልማዱ ይህ ነው። መጠጡን ወይም ጫቱን የተወ ሰው ማይክሮፎን ይዞ «ትቻለሁ» ይላል፤ ሕዝቡ «አሜን» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩ አይነሣበትም። ወዳጇ ሰገንም ወደ ቤት ሲመለሱ ኤስ-ባን በሚሉት ባቡር ውስጥ ይህንኑ መከረቻት።

«በይና ተገላገይ። ቤትሽ ዘግተሽ ብታዪ ማን ያይሻል?»

«ጉባኤ ፊት ቆሜ ልዋሽ? እሱማ ከፊልሙ ይብሳል።»

«አንቺ ግትር። ቻይኖቹ ናቸው ያበላሹሽ።»

«እነሱ ናቸው» ብላ ሳቀች ያለምዘውድ።

ቤቷ ስትገባ ግን ሳቁ ጠፋ። ሳምንቱን ሙሉ ጸለየች። ልጆቹን ማጣት አልፈለገችም። ፊልሙን መተውስ ትችል ነበር፤ ኃጢአት ያልሆነውን ኃጢአት ነው ብሎ በአደባባይ መናዘዙ ነው ከጉሮሮዋ አልወርድ ያለው።

እሑድ ማይክሮፎኑን ያዘች። ጋሽ ፍሬው ከፊት ወንበር ሆነው፣ አይዞሽ በሚል ዓይን አዩዋት።

«አምና ስለ ሊዋም የመሰከርኩትን ታስታውሳላችሁ» አለች።

ያስታውሳሉ። በምትሠራበት ቤት አንዲት አሮጊት ወድቀው ነበር። አለቃዋ ጥፋቱን በባልደረባዋ በኤርትራዊቷ ሊዋም ላይ ልታላክክ ፈልጋ፣ ያለምዘውድን «ጥፋቷን አይቻለሁ በይ» አለቻት። አላየሁም አለች። ሥራሽን ታጪያለሽ ስትባልም አላየሁም አለች። ሊዋም ከሥራዋ አልተባረረችም። ያኔ ጉባኤው በእልልታ ተናውጦ ነበር።

«ያን ጉልበት የሰጠኝ ጌታ ነው» ብላ ቀጠለች። «በምን በኩል እንደሰጠኝ ግን አልነገርኳችሁም። አንድ ፊልም አለ። ጥንት ቻይና ውስጥ አንድ መስፍን ንጉሡን ይገድልና፣ የታሪክ ጸሐፊውን ‹በሕመም ሞተ ብለህ ጻፍ› ይለዋል። ጸሐፊው ‹መስፍኑ ገደለው› ብሎ ይጽፋል። አንገቱን ይቆርጡታል። ወንድሙ በቦታው ይተካል፤ ያንኑ ይጽፋል። እሱንም ይገድሉታል። ታናሽየው ይመጣል፤ ብሩሹን ያነሣል፤ ያንኑ ይጽፋል። አለቃዬ ፊት ስቆም ትዝ ያለኝ ያ ታናሽየው ነው። ስለዚህ ትቻለሁ አልልም፤ አልተውኩማ። ለጣዖት አልሰገድኩም፤ ልጆቹንም አላሰገድኩም። ክፍሉን ከወሰዳችሁብኝ እናንተው ውሰዱት፤ እኔ በገዛ አፌ አላስረክብም።»

አሜን የሚል ጠፋ። ሰገን የጫማዋን ጫፍ ታያለች። ጋሽ ፍሬው ተነሥተው ማይክሮፎኑን ተቀበሏት፤ ሰውም የሚሉትን ጠበቀ።  እሳቸው ግን ለዘማሪዎቹ አቀበሉት።

ያለምዘውድ የሚያስወጣትም የሚያስቀራትም አልጠበቀችም። ሁልጊዜ መዝሙር ሲጀመር እንደምታደርገው ልጆቹን አስከትላ ምድር ቤት ወደሚገኘው ክፍል ወረደች።  ልጆቹን በክብ አስቀምጣ፣ ስለ ሦስቱ ብላቴኖችና ስለ እሳቱ መንገር እንደጀመረች በሩ ተከፈተ።

«ያለምዘውድ» አሉ ጋሽ ፍሬው።

«አቤት ጋሼ። ወይ ይግቡ፣ ወይ በሩን ይዝጉልን፤ ብርዱ ልጆቹን ይመታቸዋል።»

 ልጆቹ ተራ በተራ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ አስተማሪያቸውን ያያሉ። ጋሽ ፍሬው ክፍሉን ለሰገን አስረክቢ ሳይሉ በሩን ቀስ ብለው ዘጉት፤ ከውጭ ሆነው። ኮቴያቸው በደረጃው ሲርቅ ተሰማ።

«ዋስ ቮልተ ኤር?» አለች ኑኃሚን። ምን ፈልገው ነው?

«ይነግሩናል» አለች ያለምዘውድ፤ መጽሐፍ ቅዱሷንም ገለጠች። «እስከዚያው እንማር።»