በበረኪና የታጠበ ጋን

ጉለሌ ውስጥ እትዬ ሾዴን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ አይጠጣም፣ ወይ ሰሞኑን ነው የመጣው። ከሱሉልታ በሙሽርነት መጥተው፣ ሽሮ ሜዳ ጋቢ ይሸጡ የነበሩትን ባላቸውን ቀብረው፣ ልጆቻቸውን በጠላ አሳድገዋል። እኔ ከጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየሁ ነኝ። ሲቆጡኝ ስድቡን አስቀድመው ጠላውን ያስከትላሉ፤ ስለዚህ እንዲቆጡኝ አልፎ አልፎ እተባበራቸዋለሁ።

ከሰው ሁሉ የማይወዱት እትዬ ሙሉእመቤትን ነበር። ከመንገዱ ማዶ ይኖራሉ፤ እሳቸውም ጠላ ይሸጣሉ፣ ሁለቱም የሚካኤል ማኅበርተኞች ናቸው። ካቻምና እትዬ ሙሉእመቤት ወንፊት ሊዋሱ ገብተው ክዳኑ የተነሳ ጥንስስ አዩና «ውይ ሲያምር!» ብለው ወጡ። ያ ጠላ ኮመጠጠ። እትዬ ሾዴ ብቅሉን አልጠረጠሩም። «በዓይኗ በላችብኝ» አሉ። ለእኔ ብቻ ቢሉ ደግ ነበር፤ ለሠፈሩ ሁሉ አሉ።

ዘንድሮ ኅዳር ሚካኤል ላይ የማኅበሩ ተራ እትዬ ሾዴ ዘንድ ደረሰ። የደጋሽ ወጥ ቢያር ይታለፋል። ጠላ ሻጭ ሆኖ ለማኅበር ውሃ የሚያቀርብ ሰው ግን እስከ ተዝካሩ ይወራበታል። እትዬ ሾዴም ይህን ስለሚያውቁ ጋኑን ለማጽዳት ቆርጠው ተነሱ።

ጋን በግራዋ ይታሻል፣ በወይራ ይታጠናል፣ አለቀ። እሳቸው ግን «ግራዋ ዓይን አያስለቅቅም» ብለው አንድ ጠርሙስ በረኪና ደፉበት። ጋኑ ሽንት ቤት ሽንት ቤት እየሸተተ ጌሾውን፣ ብቅሉንና ውሃውን አስገብተው ጠነሰሱ።

ጥንስሱ ተኛ። አረፋ ማውጣትና መንሾካሾክ ሲገባው ዝም አለ። እትዬ ሾዴ በየደቂቃው ክዳኑን እያነሱ ጆሯቸውን ይደቅናሉ።

«ብርድ ይሆናላ» አልኳቸው። «ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ እንኳን ጥንስስ እኔንም አላንቀሳቅስ ብሎኛል።»

ጋቢያቸውን አለበሱት፤ አልፈላም። የእኔን ብርድ ልብስ ወስደው ደረቡበት፤ አሁንም አልፈላም፣ እኔ ብቻ በረደኝ። ስልኬን ከፍቼ ፈረንጆቹ ቤታቸው የሚጠምቁት ቢራ መፍላት እምቢ ሲላቸው ምን እንደሚያደርጉ አነበብኩላቸው።

«እርሾ ይጨምሩበታል፣ እትዬ ሾዴ።»

«ዳቦ ልጋግር መሰለህ? ዓይኑ ገና አልለቀቀም ማለት ነው፣ በቃ።»

ማልደው እንጦጦ ወጥተው በጀሪካን ጠበል ይዘው መጡ። በረዶ የመሰለ ጠበል ገለበጡበት። ሚካኤል ይቅር ይበለኝና ጠላ መጥመቁ ቀርቶ ጠላ ማጥመቅ ሆነ። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ ማለት ይሄ ነው፤ ቀድሞም ያልሞቀው ጭራሽ ቀዘቀዘ።

በዓሉ ሲቃረብ እትዬ ሾዴ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ሲያለቅሱ አይቻቸው ስለማላውቅ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ከዚያ በነጠላቸው ፊታቸውን ጠረጉና «ጆጉን ያዝና ተከተለኝ» አሉኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። መንገዱን ተሻግረን የእትዬ ሙሉእመቤትን በር አንኳኳን።

እትዬ ሙሉእመቤት በሩን ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩን። «ዓይኔን ልጨፍንልሽ ወይስ እንዲሁ ትገቢያለሽ?»

«ጥንስሴ አልፈላም» አሉ እትዬ ሾዴ።

«እኔ እኮ አላየሁትም!»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የመጣሁት።»

እትዬ ሙሉእመቤት ሳቃቸው አመለጣቸው። ሙያ ነውና ወዲያው መመርመር ጀመሩ። «ጋኑን በምን አጠብሽው?»

እትዬ ሾዴ መሬት መሬት እያዩ «በበረኪና» አሉ።

«ምነው ሾዴ? በረኪና እኮ የሚያፈላውን ሁሉ ይገድላል! ምን ሆንሽና?»

«ያንቺን ዓይን ላስለቅቅ ብዬ።»

ሳቁ ቆመ። እትዬ ሙሉእመቤት በሩን ተደገፉ። «ካቻምና ያወራሽው ነገር ምን እንዳደረገኝ ታውቂያለሽ?» አሉ። «አራስ ልጠይቅ ስሄድ ልጁን ይሸፍኑብኛል። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች የሠፈራችን እናት ነጠላዋን በልጇ ፊት ላይ ትጥላለች። እኔ የወለድኩት አልተረፈልኝም፣ የሰው ልጅ ማየት እንኳ ከለከልሽኝ።»

እኔ ጆጉን የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ፤ ብሰወር ደስ ባለኝ። እትዬ ሙሉእመቤት ጆጉን ከእጄ ነጠቁኝና ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ የሚንሾካሾክ ጥንስስ ሞልተውበታል፤ በሌላው እጃቸው የራሳቸውን እንስራ አንጠልጥለዋል።

«ያንን ጋን ተዪው፣ በዚህ ጠንስሺ። የሚካኤል ጠላ ነው፣ ላንቺ ብዬ አይደለም።»

ጥንስሱ ከአዲስ ጌሾና ብቅል ጋር በተደባለቀ ማግስት ፈላ። ብርድ ልብሴም ተመለሰልኝ፣ ጌሾ ጌሾ እየሸተተ።

የማኅበሩ ዕለት ቤቱ ሞላ። የእትዬ ሾዴ ልጅ ሊድያ ገና ክርስትና ያስነሳችውን ወንድ ልጇን ይዛ መጥታለች። እትዬ ሙሉእመቤት ገብተው ከበሩ ሥር ተቀመጡ። ሊድያ ልማድ ሆኖባት የልጁን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። እትዬ ሙሉእመቤት ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

ቄሱ ባርከው ጠላው ተቀዳ። የማኅበሩ አለቃ ሙሴው ቀምሰው «ሾዴ፣ የዘንድሮው ከወትሮውም ይበልጣል!» አሉ። እንደማውቃቸው ከሆነ እትዬ ሾዴ ይህችን ቃል ዓመቱን ሙሉ ሲመኙ ነው የከረሙት።

«የእኔ አይደለም» አሉ። «የእኔማ በረኪና ጠጥቶ ሞቷል። ይሄን ያፈላችው ሙሉእመቤት ናት። ስለ ዓይኗ ያወራሁት ውሸት ነው። የሰማኝ ሁሉ ያወራሁትን ያህል ይሄንንም ያውራልኝ።»

እትዬ ሾዴ ገና አልጨረሱም። ወደ ሊድያ ሄደው ልጁን ከእቅፏ ወሰዱ፣ ነጠላውን ከፊቱ ገለጡ፣ እትዬ ሙሉእመቤት ጭን ላይ አስቀመጡት።

«እዪው» አሏቸው።

እትዬ ሙሉእመቤት መጀመሪያ ሊድያን አዩ። ሊድያ ተነስታ ነበር፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚያ ጎንበስ ብለው ልጁን አዩት፣ ደግመው አዩት፣ ጠላው እስኪዞር ድረስ ዓይናቸውን ከፊቱ አላነሱም።