ዳማው የሚቆምበት ደጅ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ከመስከረም እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። ፈረስ መጋለብ እንዴት እንደለመድኩ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ እየሳቀ ነው የሚጠይቀኝ። እኔን ግን ነገሩ ትዝ ባለኝ ቁጥር አያስቀኝም።

ያደግኩት ዳንግላ ከተማ፣ አክስቴ ቤት ነው። እዚያው አገባሁ፣ እዚያው ተፋታሁ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ እንጅባራ አጠገብ ወዳለው የአባቴ ቤት ሻንጣዬን ይዤ ስመለስ፣ አባቴን የክረምቱ ጭቃ አንሸራቷቸው፣ ዳሌያቸው ተሰብሮ ደጃፍ ላይ ወንበር ይዘው አገኘኋቸው። ዕድሜ ልካቸውን ፈረሰኛ ነበሩ። ዳማው ፈረሳቸው ፊት ለፊት ታስሯል። እሱም እሳቸውም ሲተያዩ ይውላሉ።

ጫግኒ እህል የሚነግደው ታላቅ ወንድሜ መጣና፣ «ይኼ ፈረስ ገብስ ከመጨረስ በቀር ምን ይሠራል? ለጋሪ ይሸጥ» አለ። የአባቴ ፊት ጠቆረ። ለእሳቸው የፈረሰኛን ፈረስ ለጋሪ መሸጥ ሽማግሌን ጆንያ እንደማሸከም ነው። በጥር ወር እስከሚከበረው የፈረሰኞች በዓል እንዲታገሳቸው ለመኑት። ያን ዕለት ከቤቱ ሰው አንዱ ዳማውን ጋልቦ ሰልፍ ከገባ ፈረሱ ይቀራል፣ ካልሆነ ይሸጣል። ወንድሜ ሳቀ። እሱ እንደማይጋልብ ያውቃል፣ እኔን ደግሞ ከሰው አልቆጠረኝም። በንዴት «እኔ እጋልበዋለሁ» አልኩ።

እውነቱን ለመናገር ፈረስ ይቀፈኛል። ላቡ፣ አረፋው፣ ዝንቡ፣ ከኮርቻው ሥር ያለው የእርጥብ ጨርቅ ሽታ፣ ሁሉም ያስጠላኛል። መጀመሪያ ሰሞን በረቱን የምጠርገው አፍንጫዬን በነጠላ አስሬ ነበር። አባቴ ከወንበራቸው ሆነው «ፍቺው! እሱ ሽታሽን እንዲለምድ አንቺም ሽታውን ልመጂ» ይሉኛል። ፈረሱ ደግሞ አማርኛ አይሰማም። በአዊኛ ካልተናገሩት ጆሮውን እንኳ አያዞርም፣ የእኔ አዊኛ ደግሞ ከሰላምታ አያልፍም። ድንች ማሳው ዳር እየወደቅኩ እየተነሳሁ፣ ጭኔ ተልጦ እንደ ዳክዬ እየተራመድኩ፣ እንደምንም ከሶምሶማ ደረስኩ።

ከዚያ ፈረሰኞቹ ወደሚለማመዱበት ሜዳ መውጣት ነበረብኝ። መንገዱ በጊዮርጊስ ቤተክርስቲያን ደጅ ያልፋል። ጣጣዬ የመጣው እዚያ ነው።

ዳማው በሶምሶማ እየሄደ ደጁ ላይ ሲደርስ ድንገት ቀጥ አለ። እኔ አልቆምኩም። በአንገቱ ላይ አልፌ ከብት በሚጠጣበት ኩሬ ውስጥ ተዘረርኩ። አፌ ውስጥ የገባው ውሃ ብቻ አልነበረም፣ እበትም አለበት። ስተፋ ስተፋ ቆይቼ ቀና ስል፣ ከመንገዱ ማዶ ሻይ የሚሸጡት እትዬ ዘርፌ ከነደንበኞቻቸው ያዩኛል። የሚያነሳኝ እጅ ጠበቅኩ። አንዱ ስልኩን አወጣ።

በሌላ ቀን ያው ቦታ ላይ ሲቆምብኝ በአለንጋ ነካ አደረግኩት። በኋላ እግሩ ቆመና አሽቀንጥሮ ጣለኝ። የእጄ አንጓ ወልቆ ወጌሻው ሲያሸኝ የጮኽኩት ጩኸት መንደሩን አዳርሷል። እጄ ሲሻለኝ እንደገና ወጣሁ፣ እንደገና ጣለኝ፣ ያውም በገበያ ቀን፣ በገበያተኛ ፊት። ቪዲዮው በዘፈን ተቀናብሮ ከስልክ ስልክ ዞረ። ዳንግላ፣ የቀድሞ ባሌ ዘንድ ሳይቀር ደረሰ።

ወሬው ተከተለ። «ፈረሰኛው ሰማዕት፣ ባሏን ጥላ የመጣች ሴት በደጁ እንድትጋልብ አልፈቀደም» ተባለ። አንዲት ሴትማ ቤት ድረስ መጥታ «እህቴ፣ ንስሐ ግቢና ወደ ባልሽ ተመለሺ» አለችኝ።

ለአባቴ የት እንደሚጥለኝ አልነገርኳቸውም። ያንን ወሬ እንዳይሰሙብኝ ፈራሁ። «አባየ፣ በቃኝ፣ ይሸጡት» ብቻ አልኳቸው። ዳማውን ሲያዩ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። በማግስቱ ኮርቻውን ጫንኩ።

ደጁ ከሩቅ ሲታየኝ ሰዉ ተኮልኩሏል። «መጣች! መጣች!» ይባባላሉ። ስልኮቹ ከወዲሁ ወደ ላይ ተቀስረዋል። መውደቁን አይደለም የፈራሁት፣ እነዚያን ፊቶች እንደገና ከመሬት ሆኜ ቀና ብዬ ማየት ነው የቀፈፈኝ። ደጁ ሳልደርስ ወረድኩ። ልጓሙን ይዤ ማንንም ሳላይ በእግሬ አለፍኩ።

ዳማው እንደ በግ ተከተለኝ። ደጁን እንዳለፍን ራሱ ቆመና ጎኑን አንድ ድንጋይ ላይ አስጠግቶ ጠበቀኝ። የድንጋዩ አናት በመረገጥ ብዛት ለስልሷል። ረግጬው ወጣሁ። ፈረሱም ሄደ።

ከኋላዬ የእትዬ ዘርፌን ድምፅ ሰማሁ። «አይ! ገባት!» አሉ፣ ቅር ብሏቸው።

ስመለስም ከደጁ በፊት ወርጄ ወደ እሳቸው ሄድኩ። «ያውቁ ነበር እንዴ እትዬ?»

«ምኑን?»

«ካልወረድኩ እንደማያልፍ።»

«ያባትሽ ፈረስ አይደል? ይኼን ማን አያውቅም? እዚህ አገር ፈረሰኛ ደጁ ሲደርስ ወርዶ ተሳልሞ ነው የሚያልፍ። እሱም ያንኑ ነው የለመደው።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

ብርጭቆ እያጠቡ ሳቁ። «አንቺ መቼ ጠየቅሽ? ደግሞ አንቺ በምታልፊበት ቀን ሰዉ ሻይ እየደጋገመ ይቆይልኝ ነበር።»

ኩሬው ውስጥ የጠጣሁት እበት እንደዚያ አላቅለሸለሸኝም። ሁሉም ያውቁ ነበር። እያወቁ ነው «ሰማዕቱ ጣላት» ያሉት።

ለአባቴ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ አለቀሱ። «ልጄ፣ በኮርቻ ላይ ሆኖ በታቦት ደጅ የሚያልፍ ሰው ይኖራል ብዬ በምን ልጠርጥር? ተንፍሺ ብዬስ መክሬሽ አውቃለሁ?» አሉኝ። በእሳቸው መቆጣት አልቻልኩም።

ጥር ሲደርስ ሰልፍ ገባሁ። ደጁ ላይ ስንደርስ ያ ሁሉ ፈረሰኛ ማንም ሳያዘው ዝቅ ዝቅ ብሎ ወረደ። እኔም ወረድኩ። አባቴ ሜዳው ዳር ወንበር ላይ ሆነው ሲያዩኝ ዘንጋቸውን ወደ ላይ አነሱ። ወንድሜ ዳማውን አቅፎ ፎቶ ተነሣ፣ የጋሪውን ነገር ዳግም አላነሣም። እትዬ ዘርፌ «የኛ ጀግና!» ብለው እልልታቸውን አቀለጡት። አንገቴን ሊያቅፉ ሲመጡ ፊቴን አዞርኩ። ሰዉ ኩሩ ናት አለ። ይበል።

ባለፈው ሰሞን አንድ አዲስ የተመደበ መምህር ፈረስ ተውሶ በዚያ መንገድ ሲመጣ አየሁ። ከኮርቻው ጋር እየታገለ ነው። ሻይ ቤቱ በር ላይ ሰዉ መሰብሰብ ጀመረ፣ ስልኮችም ወጡ። «ውረድ! ከደጁ በፊት ውረድ!» ብዬ የቻልኩትን ያህል ጮኽኩ። ደንግጦ ወረደ፣ ፈረሱን እየሳበ በሰላም አለፈ።

እትዬ ዘርፌ ዞር ብለው ገላመጡኝ። «ምን አለ አንድ ጊዜ ብትተይው?» አሉኝ።