ፋኑን ራሴ የገጠምኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን በሚገኘው መሥሪያ ቤታችን፣ አጠገቤ የሚቀመጠው ወጣት ባልደረባዬ ኮምፒውተር ድንገት ድርግም ብሎ ጠፋ። አለቃችን ብቅ ብላ ምን እንደሆነ ስትጠይቀው፣ ልጁ ፈጠን ብሎ «መብራት ሄዶ ነው» አላት። የኔ ኮምፒውተር ከጎኑ እየሠራ ነበር። ቢሮው በሙሉ ሳቀበት። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም፤ ከዓመታት በፊት ሸዋ ሮቢት ላይ ይህንኑ ውሸት ዋሽቼዋለሁ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከጣርማ በር የሚወርዱት የጭነት መኪኖች የተቃጠለ ፍሬን እየሸተቱ በሚያልፉበት ዋናው መንገድ ዳር፣ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ሰው በከፈቱት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት እሠራ ነበር። ያለን አንድ ኮምፒውተርና አንድ ማተሚያ ነው። ወሩ ግንቦት ነው። የቆላ ግንቦት ደግሞ ምሕረት የለውም፤ ገና በረፋዱ ጣሪያው ይንጣጣል፣ ማንጎ የሚሸጡት ሴቶች ጥላ እየተከተሉ ቦታ ሲቀይሩ ይውላሉ። የኮምፒውተራችን ማቀዝቀዣ ፋን እንደ ወፍጮ ማጓራት ከጀመረ ሰንብቷል። ጋሽ ታደሰ አዲስ ፋን ከአዲስ አበባ ገዝተው አመጡና «ባለሙያው እስኪመጣ እንዳትነኪው» ብለው አስጠነቀቁኝ።

እኔ ግን የሦስት ወር ኮርስ ወስጄ የምስክር ወረቀት ያለኝ ሰው ነኝ። ባለሙያ መጠበቁ ውርደት መሰለኝ። እሳቸው ወደ ካራቆሬ በሄዱበት ዕለት በማለዳ ኮምፒውተሩን ከፈትኩና አሮጌውን ሥሩ ካለው ሙቀት የሚስብ ብረት ጋር ነቅዬ፣ አዲሱንም ከነብረቱ ገጠምኩት። ፋኑ ዞረ፤ ድምፁም እፎይ የሚያሰኝ ነበር። ለብቻዬ ፈገግ አልኩ።

ያን ዕለት የሚጠብቀኝ ሥራ ግን ተራ ሥራ አልነበረም። በአንድ ቦይ ሽንኩርት የሚያጠጡ የላይ መንደርና የታች መንደር ሰዎች በውኃ ተራ ተጣልተው በአካፋ ተፈነካክተዋል። ሼህ ሰዒድ የሚባሉ አዛውንት ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስታርቋቸው፣ የተስማሙባትን እያንዳንዷን ቃል እየነገሩኝ ኮምፒውተሩ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በእጅ የተጻፈ ቅጂ የለም። ያን ቀን ታትሞ፣ ተነቦ፣ ሊፈረምበት ነው፤ ሠላሳ ያህል ሰው ከበራችን ፊት ካለው ኒም ዛፍ ሥር ለሁለት ተከፍሎ ተቀምጧል። ሁሉም ዱላውን ይዟል።

ሼህ ሰዒድ ወደ ውስጥ ገቡ። ከታች መንደር ደግሞ እንድሪስ የሚባል፣ ግንባሩ ላይ ያለው ስፌት ገና ያልደረቀ ጎልማሳ፣ ሲታተም ለማየት ተከትሏቸው ገባ። ማተሚያው መስመር በመስመር ማውጣት ጀመረ። አንደኛ ነጥብ፣ ሁለተኛ ነጥብ… ስድስተኛው እንዳለቀ ስክሪኑ ጠቆረ። ማተሚያው ወረቀቱን እንደነከሰ ቆመ።

ሰባተኛው ነጥብ «ከጁምዓ በኋላ ውኃው ለታች መንደር ይለቀቃል» የሚለው ነበር። ብዙ ያከራከራቸውም እሱ ነው።

«የኛ ጋ ሲደርስ ጠፋ?» አለ እንድሪስ።

«መብራት ሄዶ ነው» አልኩት።

ወደ ማተሚያው ጠቆመ። አረንጓዴ መብራቱ ቦግ ብሎ በርቷል። «ይኼስ በምን በራ? የናትሽ አገር ላይ መንደር አይደለም እንዴ? አላውቅም መሰለሽ?»

እንደገና አበራሁት። ጽሑፉን ከፍቼ ለማተም ሳዝዝ ጠፋ። በሦስተኛው ጽሑፉ እንኳ ሳይከፈት ጠፋ። በየጊዜው የሚቆይባት ደቂቃ እያነሰች ሄደች። ውጭ የእንድሪስን ድምፅ የሰሙት የታች መንደር ሰዎች ተነሡ። እነሱ ሲነሡ የላዮቹም ተነሡ። ሼህ ሰዒድ በሩ ላይ ቆመው «በአላህ ይሁንባችሁ፣ ተቀመጡ!» አሉ። የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አሉኝ ዞር ብለው። «ጽሑፉ አለ ወይስ የለም?»

«አለ፣ ሼህ ሰዒድ። ወላሂ አለ። መብራትም አልሄደም። ፋኑን ዛሬ ጧት የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ እንዳልነካው ተነግሮኝ ነበር። የት ላይ እንዳጠፋሁ አላውቅም።» ይህን ስል እንባዬ መጣ።

እንድሪስ ወደ ሳጥኑ ጠጋ አለ። ከዚያ «ክፈቺውና እንየው» አለ።

ሶኬቱን ነቅዬ የሳጥኑን ክዳን አወለቅሁ። ሽቦው ከፋኑ ክንፎች ጋር አልተነካካም። ሶኬቱን መልሼ ሰክቼ ሳበራው ፋኑ ይዞራል፤ ንፋሱም ወደ ታች፣ ወደ ብረቱ ነው። ሁሉም ደህና ነው። ሆኖም ብዙ ሳይቆይ ድርግም አለ።

«የሚግለው የቱ ነው?» አለ እንድሪስ።

«ከዚህ ብረት ሥር ያለችው ፕሮሰሰር፤ ስትግል ኮምፒውተሩ ራሱን ያጠፋል። ብረቱ ሙቀቷን ይስባል፣ ፋኑ ያበርደዋል።»

ሶኬቱን አስነቀለኝና ብረቱን በመዳፉ ነካው። ቆየ። ፊቱ ተለወጠ።

«ይኼ እኮ ቀዝቃዛ ነው» አለ። «የውኃ ፓምፕ ስጠግን ነው የኖርኩት። ሞተሩ እየፈላ ራዲያተሩ ከቀዘቀዘ፣ ሙቀቱ እሱ ጋ አልደረሰም ማለት ነው። ይኼ ብረት በደንብ ተቀምጧል?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ብረቱን ከማዘርቦርዱ ሰሌዳ ጋር የሚይዙት አራት የፕላስቲክ እግሮች ናቸው። ሁለቱ ቀዳዳቸው ውስጥ በደንብ አልገቡም፤ ብረቱ በአንድ ወገን ብድግ ብሏል። ጧት ሰሌዳው ሲጎብጥ ፈርቼ በርትቼ አልተጫንኩትም ነበር።

ብረቱን አንሥቼ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት አስተካከልኩና መልሼ አስቀመጥኩት። ስጫነው ሰሌዳው ሲጥ አለ። እጄን አነሣሁ። ቢሰበርስ? ውጭ አንድ ሰው ሲሳደብ፣ ሌላው ሲመልስለት ይሰማኛል።

«ጋሼ፣ ሰሌዳውን ከሥር ደግፍልኝ» አልኩት። በሸካራ ጣቶቹ ከሥር ያዘልኝ። ዐይኔን ጨፍኜ ተጫንኩ። አንዱ፣ ቀጭ! ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛውም፣ ቀጭ!

አበራሁት። ሦስታችንም የግድግዳውን ሰዓት እያየን ጠበቅን። አምስት ደቂቃ። አሥር። እንድሪስ ሳጥኑ ውስጥ እጁን ሰደደና ብረቱን ዳሰሰው። «ሞቀ!» አለ፤ ያን ዕለት ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሼህ ሰዒድ «አልሐምዱሊላህ» ብለው በሩ ሥር ካለው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። ወረቀቱ ወጣ። ሰባተኛውን ነጥብ እንድሪስ ራሱ ጮክ ብሎ ለሁለቱም ወገን አነበበው። አንድ በአንድ እየገቡ ፈረሙ፤ መጻፍ የማይችሉት ጣታቸውን ቀለም አስነክተው አተሙ። ጋሽ ታደሰ ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሳምንት ሙሉ ከሰላምታ በቀር አላናገሩኝም።

ስምምነቱ ሁለት ዓመት ቆየ። በሦስተኛው እንደገና ተነጋገሩበት፤ ያኔ ግን አካፋ ያነሣ አልነበረም።

ስለዚያ ቀን የሚሰሙ ሰዎች እውነቱን መናገሬን ያደንቁልኛል። እኔ ግን እውነቱን የተናገርኩት ስለተያዝኩ እንደሆነ አውቃለሁ። ያቺ አረንጓዴ መብራት ባትኖር፣ ውጭ ያሉት ሰዎች ተደባድበው እስኪተላለቁ ድረስ ውሸቴን እደጋግም ነበር፤ ሠላሳ ሰው ዱላ ይዞ ቆሞ፣ የኔ ጭንቀት «አታውቅም» እንዳልባል ነበር። ዛሬ በዕድሜም በሥራም ከፍ ካልኩ በኋላ እንኳ «አላውቅም» ማለት ሲኖርብኝ ቃሉ አልወጣ ይለኛል። እንደምንም ተጭኜ አወጣዋለሁ።