አባዬና ጋሽ ተሰማ የጎንዶላ በር ላይ

ዛሬ ታሆ የበረዶ መንሸራተቻ ተራራ ላይ አባዬና የባሌ አባት ጋሽ ተሰማ የስኪውን ሰልፍ በሙሉ አስቆሙት።

በገመድ ወደ ተራራው አናት የምታወጣው ጎንዶላ በሯን ከፍታ መጣች።

"ጋሽ ተሰማ፣ ይግቡ።"
"ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ ይቅደሙ።"
"በማርያም!"
"በሞቴ!"

አንዷ ባዶዋን ሄደች። ሁለተኛዋም። ከኋላችን ያለው ፈረንጅ ሁሉ ስኪውን እንደታቀፈ ቆሟል።

ልጄ "ኦ ማይ ጋድ፣ ጀስት ጌት ኢን!" ስትል ሁለቱንም እኩል ገፍተን አስገባናቸው።

እኛ በቀጣይዋ ተከትለን አናቱ ላይ ስንደርስ የሉም። ደወልኩ።

"እየተመለስን ነው" አለኝ አባዬ። "እሳቸው ይውረዱ ብዬ ስጠብቅ በሩ ተዘጋብን።"

ደግነቱ፣ ታችም በሩ ላይ "ይቅደሙ" ከተባባሉ ተመልሰው እኛው ጋ ይመጣሉ።

የእናንተዎቹስ በ"ይቅደሙ" የዘጉት በር የት ነው?