ጣሳውን ያልጣልኩበት ምክንያት

ቂም መያዜን አልደብቅም። ቄሱ ያውቃሉ፣ ሚስቴ ታውቃለች፣ ቂም የያዝኩበት ሰውዬ ደግሞ ከሁሉ አብልጦ ያውቃል። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ነውና ቃል ብገድፍ አንባቢ ይቻለኝ።

ክርኔና ጉልበቴ ላይ ቀይ ነገር ወጣብኝ። መጀመሪያ ሳንቲም ያህል ነበረ፣ ኋላ መዳፍ አከለ። ላዩ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ ሲያኩት እንደ ዱቄት ይረግፋል። ጠበል ተጠመቅኩ፣ ቅጠል ተቀባሁ፣ አልሄደም። መንደራችን ከአሸተን ማርያም ሥር ነው፤ ብርዱ ጤነኛውንም ቆዳ ይሰነጥቃል። የብርድ ነው ብዬ ተውኩት። እኔ ብተወው ሰው አልተወውም።

የማርያም ማኅበር አለን። በየወሩ በየተራ እንደግሳለን። ጽዋው አንድ ነው፤ ቄሱ ይባርኩና ከበሩ ጀምሮ ይዞራል፣ ሁሉም ከዚያው አፍ ይጎነጫል። ስትታመም የሚጠይቅህ፣ ስትሞት የሚሸከምህ ከዚያ ጽዋ አብሮህ የጠጣ ሰው ነው። እኔ አባቴ በተቀመጠበት ነው የምቀመጥ፤ ከበሩ አራተኛ። ከእኔ ቀጥሎ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት መሪው፣ ይቀመጣል። በእርሻም ተዋሳኞች ነን።

አንድ ቀን ተራው የእሱ ነበረ፣ በእሱው ቤት። ጽዋው ወደ እኔ ሲመጣ በላዬ ተንጠራርቶ ቀማኝ።

"ተወው፣ አንተ አትንካው።"

"ለምን?"

"ክርንህን አይተነዋል። የቁምጥና ነገር አይታወቅም። ላንተ ለብቻህ ይቀዳልሃል።"

ከጓዳ ጣሳ አስመጣ። የዘይት ጣሳ ነው፣ አፉ የዛገ፣ ዶሮ ውኃ የሚጠጣበት። በዚያ ጠላ ቀዳና ከፊቴ መሬት ላይ አኖረው። ሰው ሁሉ አቀረቀረ። ቄሱ "ኧረ ተው" አሉ፤ ግን ቀስ ብለው ነው ያሉት። ጠላውን ደፋሁትና ጣሳውን ይዤ ተነሣሁ።

"ጣሳዬን ወዴት ነው?" ብሎ ጮኸ።

"ሰጥተኸኛል፤ የኔ ነው" አልኩት።

ሁለት ዓመት ማኅበር አልገባሁም። ጣሳውን ከራስጌዬ ሰቀልኩት። ሚስቴ "ጣለው ይሄን ግም ነገር" ስትል "ገና ሥራ አለበት" እላታለሁ።

ባለፈው ዓመት ከከተማ ወሬ መጣ። የአገሪቱ የቆዳ ሐኪሞች ማኅበር ሐኪሞች ይዞ በጋሸና በኩል ገብቷል፣ ላሊበላ ላይ ሦስት ቀን በሽተኛ ያያል ተባለ። ያስወጣኝ ማኅበር ነው፤ የሚመልሰኝም ማኅበር ነው አልኩ። ማኅበር ደግሞ ባዶ እጅ አይገባም። ሚስቴ ድፎ ደፋችልኝ፤ ድፎውን በትከሻዬ፣ ጣሳውን በጋቢዬ ሥር ይዤ ወረድኩ።

ወረፋው ደርሶኝ ስገባ ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ሐኪም ተቀምጣለች፤ ከጎኗ አንድ ወንድ ሐኪም አለ። ድፎውን ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩት።

"ምንድን ነው አባባ?"

"ለማኅበሩ ነዋ። ሙሴያችሁ የታለ?"

"ሙሴ ማነው?"

"መሪያችሁ! ማኅበር ያለ ሙሴ አለ እንዴ?"

ወንዱ ሐኪም ሳቀ። "ሙሴያችን አዲስ አበባ ነው ያለው፣ ፕሬዚዳንት እንለዋለን። ለዳቦው ግን እኛ እንወክለዋለን" ብሎ ቆረሰ። እሷም ቆርሳ በላች። መብላታቸውን ልብ ብዬ ያዝኩ።

ሐኪሟ ክርኔን በባዶ እጇ ያዘችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሚስቴ በቀር ሰው ነክቶኝ አያውቅም። ዓይኔን አስጨፍና በጥጥ ጫፍ ነካካችኝ።

"ይሰማዎታል?"

"ይሰማኛል።"

"እዚህስ?"

"ኧረ ይኮረኩረኛል!"

የአናቴን ቆዳ አየች፣ ጥፍሬን አየች። "የሥጋ ደዌ አይደለም" አለች።

"ቁምጥና ማለትሽ ነው?"

"እኛ እንዲያ ብለን አንጠራውም። የእርስዎ ሶሪያሲስ ይባላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በጽዋም በምንም። ጨርሶ የሚነቅለው መድኃኒት የለም፤ የሚያበርድ ቅባት ግን እሰጥዎታለሁ።"

"ቅባቱ ይቆየን። ማኅበራችሁ ሰው ያስቀጣል?"

"ማንን?"

ነገርኳት። ጣሳውንም አውጥቼ አሳየኋት። ብዙ ጊዜ አየችው።

"እኛ አናስቀጣም አባባ። ማኅበሩ የቆዳ ሐኪም በሌለበት ሐኪም ይልካል፣ የየአገሩን ነርሶች ያሠለጥናል፣ መድኃኒት ሲጠፋ ለመንግሥት ይናገራል። እንዲህ ሰው ሲገለል ደግሞ ያስተምራል።"

"የማያስቀጣ ምኑን ማኅበር ሆነ?"

"እኔ ብቻዬን ብናገር ማን ይሰማኛል? ሁላችንም አንድ ቃል ስንናገር ግን ይሰማል። ለዚህ ነው።"

ይሄ ገባኝ። እሷ ግን አላበቃችም። "ደግሞ የሥጋ ደዌ ቢሆንም ኖሮ መድኃኒት አለው፣ ይድናል። ያኔም ጣሳ አይገባዎትም ነበር" አለች።

ይሄኛው ቃሏ አልተመቸኝም። የመጣሁት "የለበትም" ሲባል ለመስማት ነው፤ ላለበት ሰው ልሟገት አልመጣሁም። በጉብዝናዬ ጣቶቹ ያለቁ ለማኝ ደጄ ሲቆም ቁራሹን በእንጨት ጫፍ ገፍቼለት አውቃለሁ። እሱን አልነገርኳትም።

"ወረቀት ልጻፍልዎት" አለች።

"ሰውዬው ወረቀት አያነብም፤ የሚያውቀው ጽዋ ነው። ነገ ማርያም ናት፣ ተራውም ዞሮ ከእሱ ዘንድ ደርሷል። ዳቦዬን በልታችኋል፤ እንግዶቼ ናችሁ።"

"አባባ፣ ሥራ እኮ አለብን!"

"በምሳ ሰዓት ነው።"

ከደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። በሽተኛው ሁሉ በላዬ እየተሻገረ ገባ፣ ወጣ። ሊዘጉ ሲሉ ብቅ አለችና "በቃ ይነሡ፣ እመጣለሁ" አለችኝ።

በማግሥቱ አብረን ዳገቱን ወጣን። ሙሴው ሲያየኝ ፊቱ ከሰለ፤ ግን ደጋሽ ነው፣ እንግዳ አያባርርም። በቦታዬ ተቀመጥኩ። ሐኪሟን በእኔና በእሱ መሐል አስቀመጥኳት። የቄሱን መስቀል ተሳልማ ተናገረች፦

"እኔ የቆዳ ሐኪም ነኝ። ይህን የምናገረው ለብቻዬ አይደለም፤ የማኅበራችን ሐኪሞች ሁሉ ቃል ነው። የእኚህ አባት በሽታ አይተላለፍም።"

"እንግዲያ ጽዋው ይዙር" አሉ ቄሱ፤ አሁን ጮክ ብለው ነው።

ደረሰኝ። በዝግታ ጎነጨሁ፣ ጢሜን አርጥቤ። ሐኪሟ ከእጄ ተቀበለች፤ ጠርዙን ሳትጠርግ፣ እኔ በጠጣሁበት በኩል ጠጣችና ለእሱ አቀበለችው። ያዘው። አልጠጣም። ውስጡን ያያል።

ከጋቢዬ ሥር ጣሳውን አወጣሁ።

"ከበደህ እንዴ? በዚህ ይቀዳልህ?"

ከወዲያ አንዱ በሳቅ ፈነዳ፣ ቤቱ ሁሉ ተከተለው። "ሴቲቱ ጠጥታ የለም ወይ! ጠጣ እንጂ አንተ!" አሉት። ጠጣ። ጉሮሮው ሲወጣ ሲወርድ አየሁ። እንደዚያን ቀን ጠላ ጥሞኝ አያውቅም።

ቄሱ ይቅር ተባባሉ አሉን። ጎንበስ ብሎ "ማረኝ" አለ። "እግዜር ይማርህ" አልኩት። እኔ ምሬሃለሁ አላልኩም። ቄሱ ልዩነቱን ሰምተዋል።

ሐኪሟን እስከ ቁልቁለቱ ሸኘኋት።

"አሁን ደስ አለዎት?"

"ገና ነው።"

"ይተዉት እንግዲህ፣ አባባ።"

"እኛ አናስቀጣም ብለሽኝ የለም? ቅጣቱን ለእኔ ተዪው" አልኳት። አልሳቀችም።

ቅባቱን እቀባለሁ፣ በርዶልኛል። ብርድ ሲጠና ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ክርኔ እንዲታይ እጅጌዬን ሰብስቤ ነው ማኅበር የምገባ። ቄሱ ሁለት ጊዜ "ከእኔ ዘንድ ና ተቀመጥ፣ ክብር ነው" ብለውኛል። እምቢ አልኳቸው። የአባቴ ቦታ ከበሩ አራተኛ ነው፤ ከእኔ ቀጥሎ እሱ ነው። በየወሩ እኔ እጎነጫለሁ፣ ጠርዙን ሳልጠርግ አቀብለዋለሁ፣ እሱም ይጠጣል። ጣሳው ከጋቢዬ ሥር ነው። አላወጣውም፤ እንዳለ ግን ያውቃል።