የአያ ሸጋው ዶቅዶቄዎች ለማን ይሁኑ

አያ ሸጋው ሰው አያምንም ነበር። ሐሜት እንዳይመስላችሁ፤ እሱ ራሱ ቢሰማኝ «ልክ ብለሃል» ነበር የሚለኝ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለዋን ተረት መተማ ውስጥ የእሱን ያህል የተረታት የለም። ቅቤ ሲገዛ በስንጥር እስከ ሥሩ ወግቶ ያያል። «እንደምን አደርክ» ያለውን ሰው እግዜር ይመስገን ብሎ ካሳለፈ በኋላ ዞሮ «ምን ፈልጎ ይሆን?» ይላል። በዚህ ጠባዩ አርባ ዓመት ከአሰበች ጋር በትዳር መኖሩ የእሷን ትዕግሥት እንጂ ሌላ አያሳይም።

የሚያምነው ብረት ነበር። በጎልማሳነቱ ገዳሪፍ ወርዶ ሱዳኖቹ «ወርሻ» በሚሉት የመኪና መጠገኛ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠራ። ሌላው ከዚያ ሲመለስ ጨርቅና ስኳር ይዞ ይገባል፤ እሱ በግመል አስጭኖ ያመጣው ሦስት አሮጌ ዶቅዶቄና አንድ ሣጥን መለዋወጫ ነው። ከፊተኛው ያውሮፓ ጦርነት ተርፈው እንግሊዞች የጣሏቸው ናቸው። በፈረስ መልክ ስም አወጣላቸው፦ ዳማ፣ ቦራ፣ ጉራቻ። ዳማ የተነሣች ቀን የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጫካ ገብቶ አድሯል።

ለእነዚህ ብረቶች ሲባል ማኅበር ተቋቋመ። ሰዎቹ አራት ናቸው፦ ሸጋው፣ ባለ ሱቁ ዓሊ፣ ገበሬው ፈረደና ግመል ነጂው ኢሳ። ዓርብ የዓሊና የኢሳ፣ እሑድ የሸጋውና የፈረደ ስለሆነ በቅዳሜ ተስማሙ። እንደ ማንኛውም ማኅበር ሙሴ የሚሉት መሪ አላቸው፤ እሱም ሸጋው ነው። የሚዘክሩት ጻድቅ ግን የለም። ጽዋቸውም ሁሉም እንዲጠጣው ተብሎ የማያሰክረው ከርከዴ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንዷን ዶቅዶቄ ፈታትተው በላምባ ያጥቧታል፣ መልሰው ይገጥሟታል። ቤንዚን ከተገኘ በሽንፋ መንገድ ተራ በተራ ይነዷታል። ሰው ሥራ ፈቶች ይላቸው ነበር፤ አልተሳሳተም።

በሃያ ስምንት ጣልያን መተማ ገባና ያየውን ብረት ሁሉ ይወርስ ጀመር። ሸጋው ዶቅዶቄዎቹን ፈታትቶ፣ ዘይትና ላምባ ባራሰው ጨርቅ ጠቅልሎ፣ የቆላ ሰው ማሽላ በሚያስቀምጥበት ጉድጓድ ቀበራቸው። ሁለቱን ከማሳው ዳር፣ ዳማን ከጓሮው። በላይዋ ማሽላ ሞላበት፣ አፉንም በጭድና በጭቃ ደፈነው። የጓሮውን ሲቀብር ያገዘው ዓሊ ብቻ ነው። ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። «የዘር ማሽላ ነው፤ እንዳትነኪው» አላት፤ በቃ። ምስጢር ለሴት ይነገራል እንዴ?

በሠላሳ አንድ ወደ ገለጉ ወፍጮ ሊጠግን ሄዶ ሳምንት ቆየ። ሲመለስ ዳማ የለችም፤ ወታደሮች ደጁ ላይ ይጠብቁታል። የጓሮው መሬት ሌላ ቦታ አልተጫረም፤ እዚያች ጉድጓድ ላይ ብቻ ነው የወረዱት። ስምንት ወር አሰሩት። ደረቱን በሰደፍ ደቁሰውት ሲለቁት ይዞ የወጣው የማይለቅ ሳልና አንድ ስም ነው፤ ዓሊ።

ፊት ለፊት ግን አልተናገረም። ተጠራጣሪ ሰው ነገሩን ከተናገረ ምኑን ይይዛል? ብረቱ ቢቀበርም ቅዳሜ ቅዳሜ መሰብሰባቸው አልቀረም፤ ከርከዴው ለዓሊ በመጨረሻ፣ ቀዝቅዞ እንዲደርሰው አደረገ። ዓሊ ሲገባ ጨዋታ ይቆማል። ፈረደን ለብቻው፣ ኢሳንም ለብቻው ይዞ «የሰው ሱቅ ሁሉ ሲዘጋ የእሱ ለምን ተከፍቶ ከረመ?» እያለ ጠየቃቸው። እነሱም ይህንን ይዘው ቤታቸው ገቡ። ዓሊ ግን አንድም ቅዳሜ አልቀረም። ሸጋው ይህንንም አልወደደለትም። «ንጹሕ ሰው እንዲህ ይታገሣል? ጆሮ ጠቢ ስለሆነ ነው የሚመላለስ» ይል ነበር።

ጣልያን በሠላሳ ሦስት ጥር ላይ ለቆ ሄደ። በሰኔ ሸጋው አልጋ ላይ ዋለ። ቦራና ጉራቻ ከጉድጓድ ወጥተው ተገጣጥመው፣ ከእነ ሣጥናቸው ከአልጋው ትይዩ ቆመዋል። ልጅ አልወለደም። የወንድሞቹ ልጆች ለለቅሶ ሳይሆን ለብረቱ እንደሚመጡና ማጭድ እንደሚያስቀጠቅጡበት አይጠራጠርም፤ በዚህስ ልክ ነበር። ሞት ከሚያስፈራው ይልቅ ይህ ያስፈራው ነበር። ስለዚህ የነፍስ አባቱን ቄስ አለነን፣ ፈረደንና ኢሳን አስጠራ። ዓሊን አላስጠራም።

«ይጻፉልኝ አባ» አለ። «ቦራና ጉራቻ ከእነ መለዋወጫቸው ለማኅበሩ ይሁኑ። አይሸጡም፣ አይከፋፈሉም። ማኅበሩ ማለት ፈረደና ኢሳ ናቸው። ዓሊ እጁን እንዳያሳርፍባቸው።»

ቄስ አለነ ብዕራቸውን ከወረቀቱ አነሡ። «ምን አድርጎህ?»

«ጣልያንን ጓሮዬ ያመጣው እሱ ነዋ።»

«አይተኸዋል?»

«ከእኔና ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሌላ ምን ማየት ያስፈልጋል?»

«ልጄ፣ ቂም ይዘህ ሥጋ ወደሙ አላቀብልህም።»

«እውነት እንጂ ቂም አይደለም» አለና ሳሉ ያዘው።

አሰበች ከርከዴ ይዛ ገብታ ቆማ ነበር። የያዘችውን መሬት አስቀመጠች።

«ዓሊ አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ።»

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ሸጋው፣ እንዲያ እያጣጣረ እንኳ፣ «ማን ልኮሽ ነው?» አላት። ዓመል ነው።

«ማንም አልላከኝም። አንቱ ገለጉ ሳሉ ጣልያን ለበቅሎዎቹ ከየቤቱ አንድ ጆንያ ማሽላ አስገቡ አለ። በዚያው ቀን ያላስገባ ቤቱ ይቃጠላል ተባለ። የማሳው ጉድጓድ ሩቅ ነው፤ የጓሮውን ከፈትሁ። ማሽላው ላምባ ላምባ ይሸታል። ለነቀዝ ያደረጉበት መድኃኒት መስሎኝ ሰፍሬ ወሰድሁ፤ ጆንያው ላይ ስምዎን ጻፉበት። በቅሎዎቹ አሽትተው እምቢ አሉ። ከዚያ የጣልያኑ ሹም አሸተተውና «ይህ እህል ከብረት ጋር የተቀበረ ነው» አለ። በማግስቱ ከእነ አካፋቸው መጡ፤ የደፈንሁበት ጭቃ ገና እርጥብ ነበር።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም አልሽኝ?»

«ፈራኋ! ከእስር ሲወጡ የሰው መልክ አልነበረዎትም። ደግሞ ወዲያው ዓሊን ያዙ፤ እኔም ከእኔ ከራቀ ብዬ ተውሁት። ኀጢአቴ ይኸ ነው፤ አባም ይስሙ።» ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «ግን ከሥሩ ዶቅዶቄ አለ ብለው ቢነግሩኝ ኖሮ ያንን ጉድጓድ እከፍተው ነበር?»

ሸጋው ዓይኑን ወደ ሁለቱ ዶቅዶቄዎች መለሰ። ላምባውን በጨርቁ ላይ ያፈሰሰው በገዛ እጁ ነው። በጠርሙሱ የቀረውንም፣ ብረቱን ዝገት እንዳይበላው ብሎ፣ ከላይ አንቆርቁሮበታል። ዓሊ እንኳ ያን ጊዜ «በዛ፣ ተው» ብሎት ነበር። ትዝ ሲለው እፍረቱ ከሳሉ በልጦ ደረቱን አቃጠለው። በሕይወቱ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም።

«ኢሳ፣ ዓሊን ጥራልኝ» አለ።

ዓሊ ሱቁን ዘግቶ፣ ዝናብ አርሶት መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባና ከአልጋው ራስጌ ተቀመጠ። ሸጋው ሁሉንም ነገረው። የጠረጠረውንም፣ ለፈረደና ለኢሳ ያለውንም አላስቀረም።

«እንደምትጠረጥረኝ አውቅ ነበር» አለ ዓሊ።

«ታዲያ ለምን ትመጣ ነበር?»

«ብቀር እሱ ነው ትል ነበራ። መጥቼም እሱ ነው አልህ።»

ሸጋው እጁን ፈልጎ ያዘው። «ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ። ይቅር በለኝ። ዶቅዶቄዎቹም ለሦስታችሁ ይሁኑ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ፤ አላህም ይቅር ይበልህ» አለ ዓሊ። እጁን አልነጠቀውም፤ እስኪደክመው ድረስ ተወለት። ቆይቶ «ዶቅዶቄዎቹን ግን አልፈልግም» አለ። «ነገ አንድ ብሎን ቢጠፋ መጀመሪያ የምታየው የእኔ ኪስ ነው። አንተ ብትሞት ፈረደና ኢሳ አሉ።»

ፈረደ ወለሉን ያያል። ኢሳ መቁጠሪያውን ይቆጥራል። እንኳን «እንዴት እንዲህ ትላለህ» ሊሉት፣ ቀና ብሎ ያየውም የለም። ዓሊ ጥቂት ጠበቃቸው። ከዚያ የሸጋውን ግንባር ሳመው፤ አሰበችንም «አይዞሽ» ብሏት፣ ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

ቄስ አለነ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ማኅበሩን ስንት ሰው ብዬ ልጻፈው?»

«ሦስት።»

«እሱ አልፈልግም አለ እኮ።»

«ሰምቻለሁ አባ። ሦስት ብለው ይጻፉ። የእሱን ስም ከሁሉም በፊት ያድርጉት።»

ቄስ አለነ ዓሊ፣ ፈረደ፣ ኢሳ ብለው ጻፉ። በወረቀቱ ላይ ማኅበሩ ሙሉ ሆነ።