የጎውሃር እርም

ባግዳድ ውስጥ ያረጀች ሴት ሁሉ ጥቁር ትለብሳለች። ጎውሃር ግን አረንጓዴ ሻሽ ነበር የምታስረው፣ ያውም ደማቅ። ጎረቤቶቿ «በዚህ ዕድሜዋ ምን ነካት? ባል አማራት እንዴ?» እያሉ ያሟታል። የሰው አፍ መቼ ያርፋል! እኛ ፈይሊ ኩርዶች መርዶው ላልተነገረ ሰው ጥቁር አንለብስም። የልጇን መርዶ ደግሞ የነገራት የለም።

ልጇ ያዱላ ይባላል። ያኔ የነበረው የአምባገነኑ መንግሥት «እናንተ ኢራናውያን ናችሁ» ብሎ ዜግነታችንን ገፎ በጭነት መኪና የኢራን ድንበር ላይ ሲጥለን፣ ጎረምሶቹን ከእናቶቻቸው ነጥሎ አስቀራቸው። ያዱላም «እማ፣ ሂጂ፤ እደርስብሻለሁ» አላት። በቃ፣ ይኸው ነው። ባሏ በስደት ሞተ፤ እሷም እዚያው ኢራን፣ ኢላም ከተማ የሰው ልብስ ስትሰፋ አረጀች። አምባገነኑ ሲወድቅ ማንም ሳይቀድማት ተመለሰች፤ ልጄ ሲፈታ የሚገባበት ቤት እንዳያጣ ብላ።

ከዚያ ምርጫ መጣ። የባሏ ታናሽ ወንድም ጀዋሚር ሾርጃ ገበያ ሄልና የደረቀ ሎሚ ነጋዴ ነው፤ በዚያ ሰሞን ግን የሚቸረችረው ትንበያ ነበር። ጦርነት አይነሳም ያለው እሱ ነው፣ ተነሳ። ቢሆንም ሰው ሻይውን እየጠጣ ይሰማዋል።

«እትዬ፣ አንዷ የፓርላማ ወንበር በእጃችን ናት! ፈይሊ የተባለ ሁሉ ከወጣ ለጥቂትም ቢሆን እናልፋለን። አንቺ ብቻ ዜግነትሽን አስመልሺ።»

«መብራት ይመጣል ብለኸን የለ? ይኸው በኩራዝ ነን።»

«እሱን ተይው! ይሄ እኮ ምርጫ ነው።»

ሳቀች፤ ልቧ ግን ከጀለ። የውጭ ሰው ነሽ ብለው ባባረሯት ከተማ እንደ ማንኛዋም ሴት ተሰልፋ ድምፅ መስጠት አማራት። ከዚህ የበለጠ የምትመኘው ልጇን ብቻ ነበር።

ዜግነት የሚመልሰው ቢሮ ውስጥ የተቀመጠው ጸሐፊ ጨዋ ልጅ ነው። የባሏን ሞት መዘገበና «ልጅዎ ያዱላስ፣ እማማ? በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል?» አላት።

«ታስሯል።»

«እስር ቤቶቹ እኮ ተከፍተዋል። ባዶ ናቸው።»

«እንግዲያው የት እንዳለ አልታወቀም በል።»

«እንደዚያ አይባልም፣ እማማ። ወይ ይቀርባል፣ ወይ ሞቷል ይባላል። አለዚያ መታወቂያዎ አይወጣም።»

ጥላው ወጣች። ጀዋሚር ግን በየቀኑ እየመጣ ነዘነዛት።

«እትዬ፣ ሁላችንም እናውቃለን፤ አንቺም ታውቂያለሽ። አንዲት ቃል ናት። ያዱላ ቢኖር እኮ ራሱ ምረጪ ይልሽ ነበር።»

«ቢኖር?» አለችው። «ቢኖር አልክ?»

ጀዋሚር አንገቱን ደፋ። ምርጫው ሲቃረብ ማንንም ሳታማክር ወደ ቢሮው ሄዳ «ሞቷል» አለች። መርዶ ሰው ለሰው ያረዳል፤ እሷ ለራሷ አረዳች። ስትመለስ ጥቁር ሻሽ ገዛች። ያሟት የነበሩት ሴቶች ሁሉ ተሰብስበው አብረዋት አለቀሱ፣ ፊታቸውን ነጩ። «እፎይ፣ እርሟን አወጣች» ተባለ። ምን እፎይ አለው!

በምርጫው ቀን ጥቁሯን ለብሳ ተሰለፈች፤ መረጠች፤ ጣቷን ቀለም ውስጥ ነከረች። ጀዋሚር በደስታ ያለቅስ ነበር።

ውጤቱ ሲነገር ወንበሯ አመለጠች። ጀዋሚር ግን አፉ አያርፍም፣ ቤቷ ድረስ መጥቶ «ትንሽ እኮ ነው የጎደለን! ለሚቀጥለው ግን ያለ ጥርጥር...» ብሎ ጀመረ።

«ጀዋሚር» አለችው፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሳ። «እኔ ልጄን ገድዬ ነው የመረጥኩልህ። ለሚቀጥለው ማንን ልግደልልህ?»

በማግስቱ መታወቂያዋን ይዛ ጸሐፊው ፊት ቆመች። ቀለሙ ጥፍሯ ሥር ገና አለ።

«ልጄ፣ ይሄን ውሰደው። ያዱላን መልስልኝ። አለ ብለህ ጻፍልኝ።»

ጸሐፊው መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «እማማ፣ አንዴ ሞቷል ከተባለ፣ አለ ለማለት እሱ ራሱ በአካል መቅረብ አለበት።»

ጎውሃር ጥቁሩን ሻሽ ፈታች። ከሥሩ አረንጓዴው ነበር። ጥቁሩን አጣጥፋ ከመታወቂያው ጎን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«እሺ» አለችው፣ «ሲመጣ እነግረዋለሁ።»